ሐትሊ ግሪን መስኮቱን የዘጋ ዕለት

የደረሰብኝን አልረሳም። ዌምብሊ ስታዲየም ስጠርግ በሰው ፊት የጮኸብኝን ሱፐርቫይዘር፣ በሰበካ ጉባኤ ምርጫ ስሜን ዘለው ያለፉትን ሰዎች፣ ልጁን ሲድር ያልጠራኝን አብሮ አደጌን፣ ሁሉንም እንደ ዳዊት ደጋሚ በየተራ አነሣቸዋለሁ። የሁሉም ታላቅ ግን ሐትሊ ግሪን ነው። ሰው ቢበድልህ አንድ ሰው ነው። እኛን የበደለን መንደር ነው። የአባቴ መርዶ በተነገረ ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ በምትታይበት ጠዋት፣ መንደሩ በሙሉ መስኮቱን ዘጋብን።

ሐትሊ ግሪን ዛሬ ለንደን ውስጥ ነው፤ አውቶቡሱም ባቡሩም ይገባበታል። ጥንት ግን ራሱን የቻለ የገጠር መንደር ነበር አሉ። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዋጠው፤ ሲውጠው ግን አላኘከውም። መሐሉ ላይ ሣር ሜዳ አለ። በሜዳው ዙሪያ ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት እየተከታተሉ በነገሡበት ዘመን የተሠሩ የጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል። ጥግ ላይ ውሃ መስጠት ከተወች የቆየች የብረት ፓምፕ አለች። ለማየት የሚመጣ ሰው ፎቶ ያነሣታል።

እኛ የምንኖረው ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ከመንገዱ በድንጋይ ደረጃ ይወረዳል። መስኮታችን ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለነበር ሰው አይታየኝም፤ የሚታየኝ እግር ነው። የመንደሩን ሰው በጫማው ነበር የማውቀው።

እናቴ አልታየሽ እዚህ አገር የመጣችው ለአንድ የኤምባሲ ሰው ልጆች ሞግዚት ሆና፣ እኔን አስከትላ ነው። ሰውየው ወደ አገር ቤት ሲጠራ እሷ አልመለስም አለች። ክሮይደን ሄዳ ጥገኝነት አፕላይ አደረገች፤ መልሱን ስንጠብቅ ሚስ ፔላም የምትባል ያላገባች አሮጊት ዘንድ የቤት ሥራ አገኘች። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እናቴ ግን በአማርኛ ስታነሣት «እሳቸው» ነበር የምትለው። እኔም እንደ እሷ እል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ተውኩት፤ «እሷ» አልኳት፤ እስከ አምና ድረስ፤ ታሪኩም እስከዚያ ድረስ እንዳልኳት ይሂድ።

ሚስ ፔላም የምትኖረው ለቤቱ ነበር እንጂ በቤቱ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ምስማር አይመታም። ልብስ በፊት በኩል አይሰጣም። በሩ ከጥቁር ሌላ ቀለም አይቀባም። ለምን ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

እናቴ ብቻችንን ስንሆን አፏን አሹላ ታስመስላት ነበር። «ሁልጊዜም! እኛ አገር የትናንት እንኳ ለዛሬ አላደረ፣ እሳቸው ሁልጊዜም ይሉኛል!»

አንዳንዱ መስኮት በጡብ የተደፈነ ነበር። እኔ ውስጡ ሰው የተዘጋበት እየመሰለኝ በዚያ በኩል አላልፍም። ሚስ ፔላም ይህን አውቃ አንድ ቀን እጄን ይዛ ወሰደችኝና፣ በጥንት ዘመን መንግሥት በመስኮት ብዛት ግብር ያስከፍል ስለነበር ባለቤቶቹ እንደደፈኑት አስረዳችኝ። ለእናቴ ስነግራት ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«ዝም በል! የእኛዎቹ እንዳይሰሙ!»

የእኛዎቹ ያለቻቸው እነማን እንደሆኑ አላወቅሁም። የእኛ ከሆኑ ጥሩ ሰዎች ይሆናሉ ብዬ አሰብሁ።

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሽቦ የተያያዙ ደወሎች ነበሩ፤ የጥንት እመቤቶች አገልጋይ የሚጠሩባቸው። እኔ ሲደወሉ ለመስማት እቋምጥ ነበር። አልሰማሁም። ሚስ ፔላም እናቴን ስትፈልግ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ደረጃውን ወርዳ በሩን ታንኳኳለች። ልትሰልለን የምትመጣ ነበር የሚመስለኝ። አንድም ቀን ደውላ እንዳልጠራቻት ያስተዋልሁት አሁን ይህን ስጽፍ ነው።

ላይ ያለው የፊት ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው። ከእያንዳንዱ መስኮት ግራና ቀኝ እንደ ቁም ሣጥን በር ግድግዳው ውስጥ የሚታጠፍ የእንጨት መዝጊያ አለ። ይሳብና ይገጠማል፤ ከዚያ የብረት መወርወሪያ ይጣልበታል። ብረቱ ሲወድቅ የሚሰጠው ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልዘጋው ስታገል ሚስ ፔላም ያዘችኝ።

«ቀን አይዘጋም፣ ማስተር መርዕድ። ቀን ከተዘጋ ምክንያት አለው።»

ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ልጅ ነበርሁ፤ ልቤ ያለው ብረቱ ላይ ነው።

አባቴ ገብረመድኅን የመንገድ ቀያሽ ነበር። «ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ መንገዱን ሲጨርስ ይመጣል» ተብዬ ነበር። እኔ መንገዱ እስከ ለንደን የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። እየቀየሰ፣ እየቀየሰ፣ አንድ ቀን ከመስኮታችን ፊት ሲደርስ እግሩን አየዋለሁ። ጫማውን አውቀው ነበር፤ ቡናማ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር፣ ጭቃ የማያጣው። እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጎህ ሲቀድ መጥተው ከአልጋው አንሥተው ወሰዱት። እሷ በሌሊት ልብሷ ደጅ ወጥታ ጎረቤት ስትጠራ የሰፈሩ መስኮት አንድ በአንድ እየተዘጋ ሄደ። ሰው ፈርቶ ነው። ማን በማን ይፈርዳል በዚያ ዘመን! እሷ ግን ያንን የመስኮት ድምፅ ይዛው መጣች።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ በመስኮቱ ብዙ እግር አየሁ። አዲስ እግሮች ነበሩ። ከጫማዎቹ በላይ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ጫፍ ይታያል። አንዱን ጫማ አወቅሁት፤ ጫፉ የሾለ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ፤ የጋሽ ዘርኣጽዮን ነው። ጋሽ ዘርኣጽዮን ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ኤርትራዊ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ያኔ የእነሱና የእኛ ሰዎች በፖለቲካ ምክንያት አንድ ካፌ አይቀመጡም ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ፊት ፊት የመጡት እሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ሰው ነጭ ለብሶ በጠዋት ከመጣ አባባ ደርሷል ማለት ነው! ከአውሮፕላን ተቀብለው አመጡት! ብርድ ልብሱን ጥዬ መስኮቱ ሥር ቆምሁና በዚያ ሁሉ እግር መሐል ቡናማውን ጫማ እፈልግ ጀመር።

ከላይ ሹክሹክታ ይሰማኛል።

«ሁሉም ደርሷል?»

«ወርቅዬ ድስቱን ይዛ እየመጣች ነው።»

«ቁርስ ቀምሳ ይሆን?»

«በዚህ ሰዓት? እንጃ።»

«ልጁን ወደ ውጭ አውጡት።»

ከዚያ የሚስ ፔላም የቤት ጫማ መጣ። ከጋሽ ዘርኣጽዮን ጫማ ፊት ለፊት ቆመ። አንገቴን ጠምዝዤ ወደ ላይ አየሁ። ጋሽ ዘርኣጽዮን ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገሯት። ሚስ ፔላም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ዞራ ገባች። የተጸየፈችን መሰለኝ።

እናቴ ወጥ ቤት የሚስ ፔላምን የጠረጴዛ ልብስ ትተኩስ ነበር። በሩ ሲከፈት ቀና አለች። ጋሽ ዘርኣጽዮንን አየች፤ ከኋላቸው ያሉትን አየች። ካውያውን አላነሣችውም። የእኛ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ደጅህ ከመጣ ምን ይዞ እንደመጣ መናገር አያስፈልገውም። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ገብሬ ነው?» አለች።

ጋሽ ዘርኣጽዮን አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ከእናቴ አፍ አልሰማሁም።

ድምፅዋን ልትውጥ ስትታገል ጋሽ ዘርኣጽዮን ትከሻዋን ያዟት። «አልቅሺ፣ አልታየሽ፤ ጩኺ! እዚያ እናቱ እንዳታለቅስ ተከልክላለች። የእሷንም አንቺ አልቅሺላት!»

እትዬ ወርቅዬ አንጠልጥላ ደረጃውን አወጣችኝ። ሆስፒታል የምትሠራ፣ እጇ ጠንካራ፣ ምላሷም እንደዚያው የሆነ ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ሜዳውን ተሻግረን ፓምፗ ጋ ቆምን። ሣሩ በጤዛ ረጥቧል፤ ካልሲዬ በሰበሰ። ከቤዝመንታችን ጩኸቱ እየወጣ በእነዚያ ጭር ባሉ ቤቶች መሐል ይዞራል።

«አባባ የታለ?» አልኋት።

«ዝም በል፣ የኔ ጌታ። ዝም በል።»

ያን ጊዜ ሚስ ፔላም ወጣች። ጥቁር ካፖርት ለብሳለች፤ ጥቁር ባርኔጣ፣ ጥቁር ጓንት። ጎረቤቷ ጋ ሄዳ የበሩን የናስ ማንኳኪያ መታች። አንድ ሰውዬ በተከፈተ ሸሚዝ፣ ግማሽ ፊቱ የጺም ሳሙና እንደሆነ ብቅ አለ። ነገረችው። በጓንቷ ወደ እኛ ቤዝመንት አመለከተች። ሰውየው ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ወደ ቤታችን አየ፤ ወደ እኔና ወደ እትዬ ወርቅዬ አየ። በሩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ የላይኛው መስኮቱ ከውስጥ በእንጨት ተደፈነ። ከዚያ የታችኛው። የብረቱ ድምፅ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

ሚስ ፔላም ቀጣዩን በር መታች። ከዚያ ቀጣዩን። ሜዳውን በዚያ በሚያነክስ እግሯ ዞረችው። ከየቤቱ ስትወጣ ቤቱ ይታወራል። ቤቶቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጨረሻ ላይ ወደ ራሷ ቤት ተመለሰችና የእሷም ተዘጋ።

«አየህልኝ!» አለች እትዬ ወርቅዬ ጥርሷን ነክሳ። «ከሰሰችን እኮ! ልቅሷችን ጆሯቸውን በላው! ውሻቸው ሲሞት ሰማይ የሚደፉ ሰዎች!»

ለእኛ ሰው ይህ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልቅሶ ቤት በሩ ይከፈታል። የተጣላ ይመጣል፤ የማያውቅህ መንገደኛ ገብቶ ይቀመጣል። የጎረቤት ለቅሶ እየሰማ ደጁን የዘጋ ሰው፣ ሰው ተብሎ አይቆጠርም።

እናቴ አየር እንድታገኝ ደግፈው ሲያወጧት ሜዳውን ዙሪያውን አየችው። ማልቀሷን አቆመች። እኔ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

«እዚያም ዘጉብኝ» አለች፤ «እዚህም ዘጉብኝ።»

ረፋድ ላይ ሚስ ፔላም ያንኑ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወደ ቤዝመንታችን ወረደች። በራችን ላይ ቆመች፤ አልገባችም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴትዮዋ ለእትዬ ወርቅዬ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ቀብሩ መቼ ነው ትላለች» አለች እትዬ ወርቅዬ።

«የሚቀበር አልሰጡንም በያት!» አለች እናቴ።

እትዬ ወርቅዬ ይህን በእንግሊዝኛ ማለት ከበዳት መሰለኝ። «ገና አልታወቀም፤ ሲታወቅ እንነግርሻለን» ብቻ አለቻት። ሚስ ፔላም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወጣች።

ሲመሽ፣ ሰው ደክሞት ዝም ሲል፣ ጋሽ ዘርኣጽዮን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አባባ መንገዱን ጨረሰ?» አልኋቸው።

የቆመው ልቅሶ እንደገና ተነሣ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

በሣልስቱ ጋሽ ዘርኣጽዮን ጨርቅ የሚያመላልሱበትን መኪና ይዘው መጡና ዕቃችንን ጫንን። መስኮቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። እናቴ ቁልፉን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተወችው። ሚስ ፔላም በሯ ላይ ወጥታ ቆማ ነበር፤ እጇን ዘረጋች፤ እናቴ አልፋት መኪናው ውስጥ ገባች። እኔም እንደ እናቴ አለፍኋት። ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሼፈርድስ ቡሽ በሰው ሳሎን፣ ከዚያ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ዌምብሊ። ትምህርት ቤት ቀየርሁ፤ አዲሱ አልያዘኝም። በጊዜ ወጣሁ። ሥራ ላይ ሰው ፊቱን ባጠቆረብኝ ቁጥር ያ ሳሙና የተቀባ ፊት ነው የሚመጣብኝ። «ሐትሊ ግሪኖች» እላለሁ በልቤ። እናቴ የመንደሩን ስም አትጠራም፤ አውቶቡስ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ትይዛለች።

አሁን ሚኒካብ ነው የምነዳው። አምና መስከረም አንዲት አሮጊትና ባሏን ጫንሁ። አድራሻውን ሳየው ሐትሊ ግሪን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ አሮጌ ቤቶች ለሕዝብ የሚከፈቱበት ቀን ነበር። አደረስኋቸው፤ ባልየው በከዘራ ነው የሚሄደውና ወደ ውስጥ ልደግፈው ገባሁ። የገባሁት ሚስ ፔላም ቤት ነው።

የፊቱ ክፍል ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ደረቷ ላይ ስሟን ያንጠለጠለች፣ በእድሜ እኔን የምታክል ፈረንጅ ታስጎበኛለች። አንዱ ጎብኚ የግድግዳውን ወረቀት እያየ ጠየቃት፤ በሌላው ክፍል ወረቀቱ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል፤ እዚህ አረንጓዴው ወፍ ሳይቀር ትናንት የተሣለ ይመስላል፤ ለምንድን ነው?

«ይህ ክፍል ብዙ ዓመት ተዘግቶ ስለኖረ ነው» አለች ሴትዮዋ። መዝጊያውን ከግድግዳው ስባ አሳየች። «በዚህ መንደር የቆየ ልማድ ነበር። በሜዳው ዙሪያ ካሉት ቤቶች በአንዱ ሰው ከሞተ ሁሉም ቤት የፊት መስኮቱን ይዘጋል፤ እስኪቀበር ድረስ። ከሐዘንተኛው ጋር በጨለማ መቀመጥ ነው። ከአገሩ ሁሉ ጠፍቶ እዚህ ነው የቆየው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደረግ እኔ ልጅ ነበርሁ። እዚህ ቤዝመንት የምትኖር የውጭ አገር ሴት ነበረች፤ ባሏ በአገሩ ተገደለ። ሚስ ፔላም በየቤቱ ዞራ ነገረች። አባቴ እየተላጨ ነበር፣ አስታውሳለሁ…»

«ሳሙናው ፊቱ ላይ ነበር» አልኋት።

ሳላስበው ነው የወጣኝ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ ብረቱን እንደያዘች ቀረች።

«ግማሹ ላይ» አለች ቀስ ብላ። «ሌላውን ግማሽ ሳይላጭ ነው መስኮቱን የዘጋው። አንተ…»

«ፓምፗ ጋ የቆምሁት ልጅ ነኝ።»

መቀመጫ ሰጡኝ። አልተቀመጥሁም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የያዝሁት ነገር ከእጄ እየወጣ ነበርና ተናደድሁ፤ እውነቱን ነው የምናገረው። ሰው የገዛ ቂሙን ሲቀሙት ደስ አይለውም።

«ታዲያ ለምን ብዙ ዓመት ተዘጋ?» አልኋት እንደ ከሳሽ።

«ቀብሩ ስላልተነገረ ነዋ። እኛ በሳምንቱ ከፈትን። ሚስ ፔላም ግን ልማድ የማታፈርስ ሴት ነበረች፤ ታውቃታለህ። ‹እንነግርሻለን ብለውኛል፤ አልነገሩኝም፤ እንግዲህ አልተቀበረም› ትል ነበር። ይህን ክፍል እስክትሞት አልከፈተችውም። እዚያ ወንበር ላይ በመብራት ነበር ቀን የምታነበው።»

ባልና ሚስቱን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ለእናቴ በስልክ አልነገርኋትም። የሞተ ሰው ወሬ በስልክ አይነገርም። ለጋሽ ዘርኣጽዮን ደወልሁና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ጋሽ ዘርኣጽዮን አርጅተዋል፤ ጫማቸው ግን እስከ ዛሬ ያበራል።

«አንተ ልጅ፣ ለእንግሊዝ ሴት መርዶ? ያውም ከሞተች ስንት ዘመኗ!» አሉኝ።

«ለእናቴ ነው፣ ጋሼ። አልተነገራትም።»

«ቁርስ እንድትቀምስ አድርግ» አሉ። «በጠዋት እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት የእናቴን ፍላት በር ስናንኳኳ ሻይዋን ይዛ ነበር። ጋሽ ዘርኣጽዮንን በዚያ ሰዓት፣ በነጭ ጋቢ ስታይ የበሩን መቃን ያዘች።

«ማን ነው?»

«ተቀመጪ፣ አልታየሽ።»

«ማን ነው እላለሁ?»

«ሚስ ፔላም አርፈዋል» አሉ ጋሽ ዘርኣጽዮን።

ያን ስም ከዚያ ጊዜ ወዲህ በእናቴ ፊት የጠራ አልነበረም። ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ዘርኣጽዮን ቀሪውን ነገሯት፤ የመንደሩን ልማድ፣ በየቤቱ መዞራቸውን፣ ያን የተዘጋ ክፍል። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። እናቴ የሻይ ስኒዋን በሁለት እጇ እንደያዘች አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም።

ሲጨርሱ፣ «እንነግርዎታለን ብለናቸው ነበር እኮ» አለች። «ብለን ሄድን።»

«አላወቅንማ» አልኋት።

«እጃቸውን ዘርግተው ነበር።»

ተነሣች። ሳሎኑ መስኮት ላይ የስታዲየሙ ቅስት በጠዋት ፀሐይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ጎረቤቷ የምትቀናበት መስኮት ነው። መጋረጃውን ከግራ ሳበችው፤ ከቀኝ ሳበችው። ቤቱ ጨለመ። ጋሽ ዘርኣጽዮን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

እናቴ በጨለማው ውስጥ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ወደ እኔ ዞረች።

«የወጥ ቤቱን ደግሞ አንተ ዝጋ፣ መርዕድ። ለእሳቸው ነው።»

ከኋላዬ ከወጥ ቤቱ የሚገባው ብርሃን እስከ እግሬ ደርሷል። ተነሥቼ ለእሳቸው ዘጋሁት።